ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ፦ «ደካማ ነው፣ አትፍሩት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ስለ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ድንጋይ የምናሟሟበት አሲድ ነው። እኔ ዘንድ የደረሰው በእህቴ ልጅ በኩል ነው፤ ጂኦሎጂ ትማራለች። «አክስቴ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ? እኛ ጋ አትመው ላቦራቶሪው በር ላይ ለጥፈውታል» ብላ ላከችልኝ። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ። ረጋ ብዬ ስደግመው ግን ጸሐፊው በቀና ልብ እንደጻፉት ገባኝ። ይሁንና ድንጋይ በአሲድ እያሟሟሁ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ሃይድሮፍሎሪክ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ራሱ ደካማ አሲድ ተብሎ ተመድቧል፤ ስለዚህ ከሰልፈሪክና ከሃይድሮክሎሪክ ያነሰ ነው። ቆዳ ነክቶ ካላቃጠለ ችግር የለም፤ ጉዳት ካለ ሕመሙ ራሱ ይናገራል። ቢፈስ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ይበቃዋል፤ የካልሲየም ጄል የሚባለው የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። ልምድ ያለው ሰው በተራ ጓንት ይሠራበታል፤ ፊውም ሁድ (ጭሱን ስቦ የሚያወጣ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ የላቦራቶሪ ሳጥን) ከሌለ መስኮት ይከፍታል። ለመሆኑ ፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ውስጥስ የለም ወይ? ጸሐፊው ይህን ሁሉ የሚሉት ተማሪዎች በፍርሃት ከሥራ እንዳይሸሹ፣ ዕቃ በማይሟላበት አገርም ሥራ እንዳይቆም በማሰብ ነው።

በዓላማው አልጣላቸውም። አንድ ነገርም ልመርቅላቸው፦ ይህ አሲድ ፊልም ላይ እንደምናየው ሬሳን በአንድ ሌሊት ሙልጭ አድርጎ አያቀልጥም። እንዲህ ያለው ወሬ ተማሪውን ያስደነግጠዋል እንጂ አያስተምረውም። ዓለም ላይም በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል፤ ደንቡን አክብረው በየቀኑ የሚሠሩበት ሰዎች ጤነኛ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ። ጠቡ ያለው ደንቡ ላይ ነው። ጸሐፊው ትርፍ ነው ብለው የሚያወጡት እነዚያን ሰዎች ጤነኛ ያደረጋቸውን ነገር ነው።

«ደካማ» ከሚለው ቃል ልጀምር። ስህተቱ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

አዎ፣ ደካማ አሲድ ነው። ግን ኬሚስትሪ ውስጥ ደካማ ማለት ጉዳቱ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። አሲዱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ምን ያህሉ ወደ አዮንነት ይከፈላል የሚለውን ብቻ ነው የሚናገረው። ሃይድሮክሎሪክ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል ማለት ይቻላል። ሃይድሮፍሎሪክ ግን አብዛኛው ሳይከፈል ይቀራል። አሁን ወደ ቆዳ እንምጣ። የተከፈለው አዮን ቻርጅ ስላለው ቆዳ እንደልብ አያሳልፈውም፤ ሃይድሮክሎሪክ ላይ ላዩን ይፋጃል። ያልተከፈለው ሃይድሮፍሎሪክ ግን በጣም ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ ቻርጅም የለውም። ቆዳውን አልፎ፣ ስቡን አልፎ፣ ሥጋው ውስጥ ይዘልቃል። የሚከፈለው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚያ የተለቀቀው ፍሎራይድ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየም ባገኘበት ይይዛል። ጸሐፊው ማረጋገጫ አድርገው ያቀረቡት ድካም ለአሲዱ በሩን የሚከፍትለት እሱው ነው።

ካልሲየም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አጥንት ነው። ነርቭ የሚናገረው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ልብ የሚመታው ግን በደም ውስጥ ባለው ካልሲየም ጭምር ነው። ፍሎራይዱ ያንን ሲጠርግ የልብ ምት ይዛባል፣ ሊቆምም ይችላል። የሰውነትን 2.5 በመቶ ብቻ የሸፈነ የንጹሕ ሃይድሮፍሎሪክ ቃጠሎ ሰው መግደሉ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። የአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት መዳፍ ተኩል ማለት ነው። በሃይድሮክሎሪክ ሁለት መዳፍ ተኩል የተቃጠለ ሰው ጠባሳ ይቀርበታል እንጂ በዚያ ልቡ አይቆምም።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሃይድሮክሎሪክ ያነሰ ከሆነ ለምን በብርጭቆ ጠርሙስ አናስቀምጠውም? ሃይድሮክሎሪክ ብርጭቆ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ይህኛው ብርጭቆውን ይበላዋል። በፕላስቲክ ወይም በቴፍሎን ዕቃ የምንይዘው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ራሱ ይናገራል የሚለው ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። አገራችን ውስጥ አሲድ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው የባትሪ አሲድ ነው። እሱ ሲነካ ወዲያው ያቃጥላል፣ ልብስ ይበጣጥሳል፣ ያስጮኻል። ይህን የለመደ ሰው የማይጮኽ አሲድ አለ ቢሉት ለማመን ይከብደዋል። ሃይድሮፍሎሪክ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ወዲያው ያማል። ከ20 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ሕመሙ ከ1 እስከ 8 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ከ20 በመቶ በታች ሲሆን እስከ 24 ሰዓት ድምፁን ላያሰማ ይችላል። እስከዚያ ፍሎራይዱ ሥራውን እየሠራ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር። ጠንቃቃ ልጅ ነው። አንድ ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የተበረዘ ሃይድሮፍሎሪክ ሲገለብጥ የቀኝ ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ እርጥበት ተሰማው። ጓንቱን አወለቀ። ጫፉ ላይ በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ነበረች። እጁን ታጠበ፣ ሌላ ጓንት አደረገ፣ ሥራውን ቀጠለ። ምሳ አብረን በላን። በዚያው እጁ ሽሮ ሲጠቀልል ዓይኔ ላይ አለ። ማታ 3 ሰዓት ገደማ ጣቱ መምታት ጀመረ። «ጥፍሬ ሥር ሌላ ልብ የበቀለ መሰለኝ» ነበር ያለኝ በኋላ። ሰፈሩ ያለ ክሊኒክ ሄደ። ጣቱን አገላብጠው አዩት። ቁስል የለ፣ ውኃ የቋጠረ ነገር የለ። ማስታገሻ ሰጥተው ወደ ቤትህ ሂድ አሉት። ሌሊት 6 ሰዓት ሲደውልልኝ የሰማሁት የአዋቂ ወንድ ለቅሶ ነው።

ሲነጋ የጥፍሩ ሥር አመድ መስሎ ነጥቷል። ሌላ ሆስፒታል ወሰድነው፤ የጠርሙሱን መረጃ ወረቀት ይዤ ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሰው ልካ የካልሲየም ግሉኮኔት አምፑሎች አስመጣች። ከማለስለሻ ጄል ጋር ቀላቅላ ጓንት ውስጥ ጨመረችና እጁን እዚያ ውስጥ አስገባችው። ሕመሙ ሲቀንስ ፊቱ ላይ ታየ። ጥፍሩ በኋላ ወለቀ። የጣቱ ጫፍ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማውም።

እንግዲህ ጸሐፊው ሕመሙ ይናገራል ሲሉ፣ የተናገረው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ሕመሙ ሌላ ሥራ አለው። ካልሲየሙ እየሠራ መሆኑን ሐኪሙ የሚያውቀው ሕመሙ ሲቀንስ ነው። ስለዚህ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ ዝም ማሰኘት ምልክቱን ማጥፋት ነው። ይህን አሲድ የነካ ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ታክሞ፣ ለሐኪሙ «ሃይድሮፍሎሪክ ነው» ብሎ በስሙ መናገር አለበት። «አሲድ ነካኝ» ካለ እንደማንኛውም ቃጠሎ ቅባት ቀብተው ይሸኙታል።

አሁን ወደ ውኃውና ወደ ሶዳው። ውኃ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ልብሱን እያወለቁ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በብዙ ውኃ። ይበቃል የሚለው ላይ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1994 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ብቻውን ሲሠራ 70 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ ጭኑ ላይ ተደፋበት። የፈሰሰው ከ100 እስከ 230 ሚሊ ሊትር ነው ተብሎ ተገመተ። አንድ የሻይ ብርጭቆ በሉት። መጀመሪያ በቧንቧ ጎማ ታጠበ። ከዚያ ሮጦ ግቢው ውስጥ የነበረ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ገባ፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ያለፈ ጊዜ እዚያው ቆየ። የካልሲየም ጄል ቦታው ላይ አልነበረም። የተቃጠለው የሰውነቱ ክፍል 9 በመቶ ነው። እግሩን ቆረጡት። በ15ኛው ቀን አረፈ። ያ ሰው ገንዳ ሙሉ ውኃ ነበረው። የጎደለው ጄሉ፣ ትክክለኛው ልብስና አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው።

ቤኪንግ ሶዳስ? ሶዳ የሚያረክሰው አሲድነቱን ነው። ፍሎራይዱን አይነካውም። አሲዱና ሶዳው ሲገናኙ የሚወጣው ሶዲየም ፍሎራይድ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ራሱም መርዝ የሆነ ነገር ነው። ያውም ሶዳው ቆዳው ላይ ቀርቶ ፍሎራይዱ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ካልሲየም ሲሆን ነገሩ ይለያል። ከፍሎራይድ ጋር ተያይዞ ካልሲየም ፍሎራይድ ይሆናል፤ እሱ ውኃ ውስጥ የመሟሟቱ ነገር እዚህ ግባ አይባልም። ፍሎራይዱ ታሰረ ማለት ነው። የሰውነታችንን ካልሲየም ፍለጋ የሚዞረውን ፍሎራይድ ሌላ ካልሲየም ሰጥተን እዚያው እናስቀረዋለን። ጄሉ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቅንጦት ነው ለተባለው ደግሞ መልሱን ያገኘሁት ከዚያች ሐኪም ነው። ካልሲየም ግሉኮኔት በየማዋለጃው አለ። ግፊት የበዛባት ነፍሰ ጡር ማግኒዚየም ሰልፌት ስትወስድ መጠኑ ቢበዛባት ማርከሻው እሱ ነው። አሥር በመቶ የሆነውን 25 ሚሊ ሊትር በውኃ ከሚሟሟ 75 ሚሊ ሊትር የማለስለሻ ጄል ጋር ብትቀላቅሉት 2.5 በመቶ ይሆናል። በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጠውም 2.5 በመቶ ነው። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ለምኖ ማሠራት ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ጄሉ በእጅ ካለ ለ5 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ወዲያው ጄሉን ማሸት፣ የሚያሸውም ሰው ጓንት ማድረግ፣ እየደጋገሙ እየቀቡ ሆስፒታል መድረስ ነው። ጄሉ ከሌለ መታጠቡ ሐኪም እስኪገኝ አይቋረጥ። ለዓይን ጄሉ አይሆንም፤ ዓይን በብዙ ውኃ ታጥቦ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ሶዳው ጠረጴዛ ላይ ለፈሰሰ ትንሽ አሲድ ሊያገለግል ይችላል፣ እሱን እቀበላለሁ። ከእሱ ግን በየግንባታ ዕቃ መሸጫው ያለው ኖራ ይሻላል፤ ኖራ ካልሲየም ነውና ፍሎራይዱንም ይይዛል። እሱም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ፣ ተሸፋፍኖ፣ ሁድ ውስጥ ነው፤ በደንብ ያልተበረዘ አሲድ ላይ ሲያርፍ ሙቀትና ጭስ ያወጣል። የብዙ ላቦራቶሪዎቻችን ጥግ ላይ ያለችውን የአሸዋ ባልዲ ግን አደራ አትንኩ። አሸዋ ሲሊካ ነው፤ ብርጭቆም የሚሠራው ከእሱ ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሸዋውን እየበላ ሌላ መርዛም ጋዝ ያወጣል።

ልምድ ይጠብቃል ለሚለው ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍሎሪንን፣ ማለትም ይህ አሲድ የተሠራበትን ንጥረ ነገር፣ ለብቻው ለማውጣት የታገሉት ሰዎች የዘመኑ ምርጥ ኬሚስቶች ነበሩ። ቤልጅየማዊው ሉዬና ፈረንሳዊው ኒክሌስ በዚሁ ሙከራ ሕይወታቸው አልፏል። የኖክስ ወንድማማቾች አየርላንድ ውስጥ ክፉኛ ተመርዘዋል። ፈረንሳዊው ሞይሳን እ.ኤ.አ. በ1886 ተሳካለት፤ በ1906 ኖቤል ተሸለመ። ከእነዚህ አንዳቸውንም ልምድ ጎደለው የሚል አይኖርም። ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2012 ደቡብ ኮሪያ ጉሚ ከተማ ውስጥ 8 ቶን ገደማ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ (ውኃ ያልተቀላቀለበት ይኸው አሲድ) ከታንከር ሲራገፍ አመለጠ። 5 ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ታከሙ፤ ዙሪያው ያለው ሰብል ደረቀ። ማራገፍ ለዚያ ፋብሪካ የተለመደ ሥራ ነበር። እንዲያውም ልምድ አንዳንዴ ያዘናጋል። የባልደረባዬን ጓንት ማን መረመረው? ማንም። ሁልጊዜ ደህና ስለነበረ።

ተራ ጓንት የምንለው ያ ስስ የሐኪም ጓንት ለዚህ አሲድ መከላከያ አይደለም። እሱ ከውስጥ ሆኖ ከላዩ ወፍራም፣ ረጅም እጅጌ ያለው የኒዮፕሪን (የጎማ ዓይነት ነው) ጓንት ይደረባል። ከመልበሳችሁ በፊት አየር ሞልታችሁ ጫፉን ጫን በሉት፤ የሚተነፍስ ከሆነ ጣሉት። መነጽር፣ የፊት መሸፈኛ፣ አሲድ የማያሳልፍ ሽርጥ፣ ጣት የማያሳይ ጫማ። መስኮት መክፈት ለተባለው፣ ንጹሑ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ 19.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ቀትር ላይ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ላቦራቶሪ የምንጠቀምበት ከ40 እስከ 49 በመቶ የሆነውም ክዳኑ ሲነሳ ይተናል። ብዙ ዓመት ያገለገለ ፊውም ሁድ ካያችሁ መስታወቱን ልብ በሉት። ጉም የለበሰ ይመስላል፤ በሳሙና ብታሹት አይለቅም። እንፋሎቱ በልቶት ነው። ያ መስታወት ባይኖር እዚያ ቦታ ላይ የሚሆነው የእናንተ ፊት ነው።

የጥርስ ሳሙናው ነገር ብዙ አያቆየንም። ሳሙናው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ ጨው ነው፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ0.15 በመቶ አያልፍም። ይህ ጨው ቆዳ ሰርስሮ አይገባም። ደግሞ ፍሎራይድ በመጠኑ ካልሆነ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል እንዴ? የስምጥ ሸለቆ ሰው ጥርስ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ውኃቸው በሊትር ከ10 ሚሊግራም የሚያልፍ ጉድጓዶች አሉ፤ ወንጂ አካባቢ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ፣ አጥንታቸውም ተጎድቶ የኖሩ ሠራተኞች ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ከላቦራቶሪ ወጣ ልበል። አንዳንድ የቸርኬ ማጽጃና የዝገት ማስለቀቂያ ውስጥ ይኸው አሲድ፣ ወይም እሱን የሚሰጥ አሞኒየም ባይፍሎራይድ የሚባል ጨው አለ። ላቫጆ የሚሠሩ ልጆች፣ አረብ አገርም አሜሪካም በጽዳት የሚሠሩ እህቶቻችን በባዶ እጃቸው ሊነኩት ይችላሉ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አስነብቡ። ካጸዳችሁ በኋላ ማታ ቁስል ሳይኖር ጣታችሁን ካመማችሁ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ቀሪው የጸሐፊው ትልቁ ነጥብ ነው፦ ዕቃ የለንም፣ ታዲያ ሥራ ይቁም? ይህ ጥያቄ የእኔም ነው። አንድ ጓንት ለመግዛት ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ሃይድሮፍሎሪክን የምንከፍተው አስፈልጎን ሳይሆን ድሮ እንደዚያ ስለተሠራ ነው። ለብዙ የድንጋይ ምርመራ ናሙናውን ከሊቲየም ቦሬት ጋር አቅልጦ ማሟሟት ይቻላል። ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ (ድንጋዩ በምን እንደተሠራ በኤክስሬይ የሚለይ መሣሪያ) ያለበት ቦታ መላክም አለ። የግድ እሱ ካስፈለገ ግን ጄሉ ጊዜው ሳያልፍ ጠረጴዛው ላይ ይኑር፤ ሁለት ሰው ይኑር፤ ቧንቧው ውኃ መስጠቱ ይታይ፤ የምትሄዱበት ሆስፒታል ካልሲየም ግሉኮኔት እንዳለው ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የዚያን ቀን ጠርሙሱ አይከፈት። ድንጋዩ የትም አይሄድም።

ለእህቴ ልጅ የጻፍኩላትም ይህንኑ ነው። ጸሐፊውን ደግሞ በአክብሮት እለምናለሁ፤ ጽሑፉን ባያነሱት እንኳ የሶዳዋን አንቀጽ ያርሙልን። እስከዚያ ያ ወረቀት በር ላይ ያላችሁ ተማሪዎች እስክሪብቶ አውጡና አንቀጿን ሰርዙ። ከጎኑ ባዶ ቦታ ካለ «ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል» ብላችሁ ጻፉ፤ የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለም ጨምሩበት።